የባቄላ ሥር ማንን ያስገባል?



ዛሬ የምናገረው ከመሬት በታች ስለሚሆን፣ ነገር ግን ከገበታችንም ከኪሳችንም ስለማይርቅ ጉዳይ ነው። ስንዴ ወይም ጤፍ ተደጋግሞ የተዘራበት ማሳ ሲደክም ገበሬው ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ ያፈራርቅበታል፤ በተከታዩ ዓመት እህሉ ያምርለታል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ዕውቀት ነው። ሳይንስ ምክንያቱን ያገኘው ከ140 ዓመት ወዲህ ነው። ጥራጥሬውና የአፈሩ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚተዋወቁ፣ ማን ማንን እንደሚመርጥና ማን ማንን እንደሚቀጣ በዘረመል ደረጃ ማንበብ የተቻለው ደግሞ ገና ባለፉት 40 ዓመታት ነው። የዛሬው ንግግሬ በዚህ በኋለኛው ላይ ያተኩራል። አንድ የምሟገትለት ሐሳብም አለኝ፦ ጥራጥሬ ስናሻሽል ዘሩን በጥንቃቄ እየመረጥን ባክቴሪያውን ለዕድል መተዋችን ስህተት ነው እላለሁ። ለምን እንደዚያ እንደምል ንግግሬ እየገፋ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ዓመተ ምሕረቶችን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ከናይትሮጅን ልጀምር። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ያለ ናይትሮጅን ፕሮቲን የለም፤ ዲኤንኤም የለም። ይሁን እንጂ ተክል በዚህ ሁሉ ናይትሮጅን ተከቦ እያለ በናይትሮጅን እጥረት ቅጠሉ ቢጫ ሊሆን ይችላል። በአየር ውስጥ ያሉት ናይትሮጅኖች ሁለት ሁለት አቶም ሆነው በሦስትዮሽ ትስስር ስለተጣበቁ የትኛውም ተክል በራሱ አቅም አይበጥሳቸውም። የሰው ልጅ ዛሬ ይህን ትስስር በስፋት የሚበጥስበትን መንገድ ያገኘው በጀርመናዊው ኬሚስት በፍሪትስ ሃበር አማካይነት ሲሆን፣ ካርል ቦሽ በ1913 ኦፓው በተባለው ቦታ ወደ ፋብሪካ ሥራ አሳደገው። ሂደቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀትና ከተራው የአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ይጠይቃል። ማሳችን ላይ የምንበትነው ዩሪያ የሚመረተው በዚህ መንገድ ከተገኘ አሞኒያ ነው። በ2022 የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር በየቀበሌው ምን እንደተሰማ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ።

በሥር ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይህንኑ ሥራ በአፈር ሙቀት፣ ያለ ምንም ግፊት ይሠሩታል። የሚሠሩበት ኢንዛይም ናይትሮጂኔዝ ይባላል፤ አካሉን የሚያስገኙት ዋና ዋናዎቹ ዘረመሎች ኒፍ-ኤች፣ ኒፍ-ዲ እና ኒፍ-ኬ የሚል ስም አላቸው። እነዚህ ዘረመሎች በየትኛውም ተክል፣ በየትኛውም እንስሳ፣ በየትኛውም ፈንገስ የራሱ ዲኤንኤ ውስጥ አይገኙም። ሥራው ግን ውድ ነው። አንዷን የናይትሮጅን ሞለኪውል ወደ አሞኒያ ለመለወጥ ቢያንስ 16 ኤቲፒ፣ ማለትም 16 የሕዋስ የኃይል አሐዶች ይቃጠላሉ። ያ ኃይል የሚመጣው ተክሉ ከፀሐይ ካገኘው ስኳር ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ዘረመሉ አለው፣ ሌላው ወገን ስኳሩ አለው። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሳና ልለፍ። ሄርማን ሄልሪገል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ከቪልፋርት ጋር ባደረገው ሙከራ፣ አተር ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኘው በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች አማካይነት መሆኑን በ1886 በርሊን ላይ አስታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ በእባጮቹ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ነጥሎ አሳደገ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ሰዎች እባጩን ያዩታል፣ ባክቴሪያውን ያራቡታል፣ በከረጢት አሽገው ይሸጡታል፤ ሁለቱ እንዴት እንደሚግባቡ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ሥሩ እንቅረብ። በአንዲት የሻይ ማንኪያ አፈር ውስጥ የባክቴሪያው ብዛት በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። አብዛኞቹ ለተክሉ አይጠቅሙም፤ አንዳንዶቹም በሽታ ያመጡበታል። የባቄላ ሥር ከዚህ ሁሉ መሐል የሚፈልገውን ለይቶ ማስገባት አለበት። የመጀመሪያውን እርምጃ የሚወስደው ተክሉ ነው። ናይትሮጅን ሲያጥረው ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውሁዶችን ከሥሩ ወደ አፈር ያመነጫል። አልፋልፋ የሚያመነጨው ሉቴዮሊን የተባለው ውሁድ የባክቴሪያውን ዘረመል እንደሚቀሰቅስ የታወቀው በ1986 ነው። ባክቴሪያው ውስጥ ኖድ-ዲ የሚባል ፕሮቲን ይህን ውሁድ ሲያገኝ ኖድ የሚባሉትን ሌሎቹን ዘረመሎች ያነቃቸዋል። ሁሉም ፍላቮኖይድ ሁሉንም ኖድ-ዲ አያነቃም፤ ገና ከመነሻው ማጣራት አለ ማለት ነው።

የተነሡት ዘረመሎች የሚሠሩት የመልስ ምልክት ነው። ኖድ-ሲ አራት ወይም አምስት የስኳር አሐዶችን በሰንሰለት ይቀጥላል። ኖድ-ቢ ከሰንሰለቱ ጫፍ አንዲት ቁራጭ ይነቅላል። ኖድ-ኤ በተነቀለው ቦታ የስብ አሲድ ይሰካበታል። የተገኘው ሞለኪውል የኖድ ምልክት ይባላል፤ በፈረንሳይ ቱሉዝ የዣን ዴናርዬ ቡድን ከአልፋልፋው ባክቴሪያ ነጥሎ ቅርጹን ያወቀው በ1990 ነው። የስኳሩ ሰንሰለት የፈንገስ ግድግዳና የነፍሳት ቅርፊት ከሚሠራበት ከካይቲን ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ምልክቱ በማይታመን መጠን ቀጥኖም እንኳ ይሠራል። ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ በማይክሮስኮፕ ሥር ቀጥ ብሎ ይታይ የነበረው የሥር ፀጉር ጫፉ ይቆለመማል፤ ባክቴሪያዎቹንም በመቆለመሚያው መሐል ይይዛቸዋል። ከዚያ የፀጉሩ ግድግዳ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ቀጭን ቱቦ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎቹም በቱቦው ውስጥ እየተራቡ ወደ ሥሩ ይዘልቃሉ።

በዚህ ምልክት ላይ ያሉት ጥቃቅን ጭማሪዎች በደብዳቤ ላይ እንዳለ ማኅተም ናቸው፤ የጻፈው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በእነሱ ነው። የአልፋልፋው ባክቴሪያ ኖድ-ኤች በሚባል ዘረመል አማካይነት በሰንሰለቱ አንድ ጫፍ ላይ ሰልፌት ይጨምራል። ተመራማሪዎች ይህን አንድ ዘረመል ሲያበላሹት ባክቴሪያው በአልፋልፋ ሥር ላይ እባጭ መሥራት አቃተው። የሚገርመው ግን በፊት ዞር ብላ የማታየው የባቄላ ዘመድ የሆነች ተክል፣ ቬች የምትባለው የከብት መኖ፣ ሥሯን ከፈተችለት። አንዲት የሰልፌት ቁራጭ ወዳጅን ባዳ፣ ባዳን ወዳጅ አደረገች።

ሌላው ምሳሌ የአተር ነው። አፍጋኒስታን የሚል ስም የተሰጠው ጥንታዊ የአተር ዝርያ አውሮፓ ውስጥ ቢዘራ እባጭ አያወጣም። የአውሮፓ ባክቴሪያዎች ሌላውን አተር ሁሉ ሲያገለግሉ እሱ ግን ይዘጋባቸዋል። ከቱርክ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ግን ይገባለታል። ልዩነቱ ኖድ-ኤክስ የተባለ አንድ ዘረመል ነው፤ ምልክቱ ላይ አንዲት ተጨማሪ የአሴቲል ቁራጭ ያኖራል። በአተሩ በኩል ደግሞ ይህን የሚጠይቀው አንድ ሥፍራ ሲም-2 ይባላል። እኛ የራሳችን ጥንታዊ አተር አለን፤ በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ የሚዘራው ደቆቆ። የአፍጋኒስታኑን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ አንድን የቆየ ዝርያ ከነአፈሩ ሳይመለከቱ ስለ ምርታማነቱ መናገር ትክክል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ተክሉ ዘረመሎች ልሻገር። በ2003 ዴንማርክ ኦርሁስ ውስጥ የየንስ ስቱጋርድ ቡድን፣ ሎተስ በምትባል ትንሽ ጥራጥሬ ላይ ሲሠራ፣ የኖድ ምልክትን የሚቀበሉ ሁለት ፕሮቲኖችን አገኘ፤ ኤንኤፍአር-1 እና ኤንኤፍአር-5 ተባሉ። ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ ተክሉ ባክቴሪያው አጠገቡ ቢኖርም ምንም አይሰማውም። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ካይቲን እዚህ ላይ ይመለሳል። ተክሎች የፈንገስ በሽታ ሲመጣባቸው የሚያውቁት ከፈንገሱ ግድግዳ የተሰበረ ካይቲን ሲነካቸው ነው፤ ያንን የሚያውቀው ፕሮቲን ደግሞ የኤንኤፍአር-1 የቅርብ ዘመድ ነው። አንዱ ተቀባይ «ጠላት መጣ» ይላል፣ ሌላው «እንግዳ መጣ» ይላል፤ ሁለቱም የሚያነቡት የአንድ ዓይነት ስኳር ሰንሰለት ነው። በ2020 የወጣ የዚሁ ቡድን ሥራ በተቀባዮቹ ላይ አጫጭር ክፍሎችን በማለዋወጥ የካይቲኑ ተቀባይ የኖድ ምልክትን እንዲያነብ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። በእኔ አስተያየት ከዚህ ዘርፍ ግኝቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ወዳጅነቱ የተቀረጸው ከመከላከያ ሥርዓቱ ራሱ ውስጥ መሆኑን ያሳያልና።

ምልክቱ ከተነበበ በኋላ በሥር ፀጉሩ ሕዋስ አስኳል ዙሪያ የካልሲየም መጠን በየደቂቃው ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ በአልፋልፋ ላይ የታየው በ1996 ስታንፎርድ ውስጥ፣ በሻሮን ሎንግ ቤተ ሙከራ ነው። ያንን ከፍ ዝቅ የሚያነብ ሲሲኤኤምኬ የተባለ ፕሮቲን አለ። በ2006 ሁለት ቡድኖች ይህን ፕሮቲን ያለማቋረጥ እንዲሠራ አድርገው ሲለውጡት፣ ተክሉ አንድም ባክቴሪያ በሌለበት ንጹሕ አሸዋ ላይ እባጭ አወጣ። ባዶ እባጭ ነው፤ ቅርጹ ግን ሙሉ ነው። ከዚህ የምንረዳው እባጩ በባክቴሪያው የተጫነ ዕጢ አለመሆኑን ነው። ዕቅዱ የተክሉ ነው፤ ባክቴሪያው የሚያመጣው ፈቃድ መጠየቂያውን ብቻ ነው። ዕቅዱን የሚመራው ዋናው ዘረመል ኒን ይባላል፤ የታወቀው በ1999 ነው።

ከእነዚህ ዘረመሎች ብዙዎቹ ለጥራጥሬ ብቻ የተሰጡ አይደሉም። ስንዴም ጤፍም በቆሎም በሥራቸው ውስጥ ከሚኖሩ ጠቃሚ ፈንገሶች ጋር በዚሁ በካልሲየም መንገድ ይገናኛሉ። ያ የፈንገስ ወዳጅነት ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ የጥራጥሬውና የባክቴሪያው ከ100 ሚሊዮን አይበልጥም። አዲሱ ዝምድና በአሮጌው መንገድ ላይ ተሠራ ማለት ነው። የተመራማሪው የጃይልስ ኦልድሮይድ ቡድንና ሌሎችም እህሎች ራሳቸው እባጭ እንዲያወጡ ለማድረግ የሚደክሙት በዚህ ተስፋ ነው። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ለሚቀጥለው መኸር የሚደርስ ስላልሆነ እዚህ ላይ አልቆይበትም። ከዚያ ይልቅ በ2018 የታወቀ አንድ ነገር ልጨምር። የጥራጥሬ ዘመድ የሆኑ የብዙ ዕፅዋት ጂኖም ሲነጻጸር፣ በርካታዎቹ በየራሳቸው ጊዜ የኒንን ዘረመል አጥተው ተገኙ። ቀድሞ እባጭ የነበራቸው የሚመስሉ ወገኖች ትተውታል። ዝምድናው ዋጋ ስለሚያስከፍል፣ በማያተርፍበት ቦታ ተክሉ ይጥለዋል።

አሁን እባጩን ከፍተን እንይ። አንድ ባቄላ አበባ ሲይዝ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሡት። ጎትታችሁ እንዳትነቅሉት፤ እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን በውኃ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡና አንዱን እባጭ በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ አልጀመረም ወይም የገባው ባክቴሪያ ፍሬ ቢስ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ቀዩ ቀለም ሌግሄሞግሎቢን ነው፤ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ዘመድ የሆነና እንደ እሱ ብረት የያዘ ፕሮቲን። ዘረመሉ የተክሉ ነው። ናይትሮጂኔዝ ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፤ ባክቴሪያው ግን ኃይል ለማግኘት ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ሌግሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ይዞ ለባክቴሪያው ያደርሳል፣ ነጻ ሆኖ እንዳይዘዋወር ግን ይከለክላል። በ2005 ተመራማሪዎች የሎተስን ሌግሄሞግሎቢን ዘረመሎች ዝም ሲያሰኙ እባጮች ወጡ፣ ባክቴሪያዎችም ገቡ፤ ናይትሮጅን ግን አልመጣም፤ ተክሉም ተራበ። በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ ሥጋን ለመተካት ከሚሸጡት ምግቦች አንዱ ደም የሚመስል ቀለሙን ያገኘው ከአኩሪ አተር ሌግሄሞግሎቢን ነው፤ ዘረመሉን እርሾ ውስጥ አስገብተው ያመርቱታል። ለጾመኛ አገር አስደሳች ወሬ ነው።

እባጩ ውስጥ ሌላም ነገር ይደረጋል፤ ይህኛው ሰላማዊ አይደለም። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራና አልፋልፋ ባሉበት የጥራጥሬ ወገን፣ ተክሉ ኤንሲአር የሚባሉ ትናንሽ ፕሮቲኖችን በባክቴሪያው ላይ ይለቅበታል። በአልፋልፋ ዘመድ በሜዲካጎ ጂኖም ውስጥ ብቻ ከ600 በላይ የኤንሲአር ዘረመሎች አሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች የተገኙት ተክል በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ከሚገድልበት መሣሪያ ቤተሰብ ነው። ባክቴሪያውን ግን አይገድሉትም፤ ያሳብጡታል፣ ዲኤንኤውን ደጋግሞ እንዲያባዛ ያደርጉታል፣ መከፋፈሉን ግን ለዘለዓለም ያቆሙበታል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ይሠራል እንጂ የራሱ ዘር አይኖረውም። ወደ አፈር ተመልሰው የሚራቡት በእባጩ ውስጥ ይህ ለውጥ ያልደረሰባቸው ወንድሞቹ ናቸው። አኩሪ አተርና ቦሎቄ ይህን አያደርጉም፤ በእነሱ እባጭ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሲወጣ እንደገና መራባት ይችላል።

ባክቴሪያውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት፣ አንዳንድ የአልፋልፋ ባክቴሪያዎች ኤንሲአርን የሚቆራርጥ ኢንዛይም እንዳላቸው አሳየ። ዘረመሉ ኤችአርአርፒ ይባላል። ያለው ባክቴሪያ በእባጩ ውስጥ በብዛት ይራባል፣ ናይትሮጅን ግን ጥቂት ይሠራል። ስለዚህ «ተጋግዞ መኖር» ስንል በፍቅር የተሞላ ማኅበር አድርገን እንዳናስበው። ሁለቱም ወገኖች ጥቅማቸውን የሚያሰሉበት ግንኙነት ነው፤ የሚጸናውም ተቆጣጣሪ ስላለው ነው።

ቁጥጥሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የብዛት ነው። ሥሩ እባጭ ሲያበዛ ትናንሽ የፕሮቲን መልእክቶችን ወደ ቅጠሉ ይልካል፤ በቅጠሉ ያለ ተቀባይ ሲቀበላቸው «በቃ» የሚል ትእዛዝ ወደ ሥር ይመለሳል። ይህ ተቀባይ የተበላሸባቸውን የአኩሪ አተር ተክሎች በ1985 አውስትራሊያ ውስጥ የፒተር ግሬስሆፍ ቡድን አገኘ። በነጠላ ሥር ላይ እባጩ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ነበር። ምርቱ ግን አልጨመረም፤ ተክሉ ስኳሩን ለእባጮቹ አፍስሶ ራሱ ቀጨጨ። አፈሩ ውስጥ ናይትሬት ሲበዛም ተክሉ እባጭ ማውጣቱን ይተዋል፤ ማዳበሪያ ካለለት ለባክቴሪያ ስኳር የሚከፍልበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው ቁጥጥር የጥራት ነው። በ2003 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቶቢ ኪርስና ባልደረቦቿ በአኩሪ አተር እባጮች ዙሪያ ያለውን ናይትሮጅን በአርጎን ጋዝ ተኩ። ባክቴሪያዎቹ ዘረመላቸው ሙሉ ነው፤ የሚሠሩበት ጥሬ ዕቃ ግን ጠፋ። ተክሉ ይህን እንደ ስንፍና ቆጠረው፤ ወደ እባጮቹ የሚገባውን ኦክስጅን ቀነሰ፣ ባክቴሪያዎቹም ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ተራቡ። ከአራት ዓመት በኋላ ይኸው ቡድን በተለያዩ ዘመናት የወጡ የአኩሪ አተር ዝርያዎችን ጎን ለጎን ፈተነ። ጥሩና ሰነፍ ባክቴሪያ ተቀላቅሎ ሲቀርብላቸው፣ የቆዩት ዝርያዎች ከአዲሶቹ ይልቅ ምርታቸውን ጠበቁ። አዲሶቹ የተመረጡት በለማ አፈር ላይ ስለነበር ሰነፍን የመቅጣት ችሎታቸው የላላ ይመስላል።

ወገኖቼ፣ የክርክሬ መሠረት ይህ ነው። ናይትሮጅን በሞላበት መደብ ላይ ዝርያ ስንመርጥ፣ እነዚህን የምርጫና የቅጣት ዘረመሎች ማንም አይፈትናቸውም። ምርቱ ጥሩ የሆነ ሁሉ ያልፋል። ዘሩ ማዳበሪያ የማይገዛ ገበሬ እጅ ሲገባ ግን የሚኖረው በሥሩ ነው፤ ሥሩ ደግሞ አልተመረጠም።

በባክቴሪያው በኩል ያለው ነገር የበለጠ ያስቸግራል፤ ዘረመሎቹ ይጓዛሉ። ኒውዚላንድ ውስጥ ሎተስ የሚባለው የግጦሽ ተክል ሲዘራ አገሩ ውስጥ የሚስማማው ባክቴሪያ ስላልነበረ ዘሩ በአንድ የባክቴሪያ ዓይነት ተለውሶ ተዘራ። ከሰባት ዓመት በኋላ ጆን ሱሊቫንና ክላይቭ ሮንሰን እባጮቹን ሲከፍቱ ውስጣቸው ብዙ የተለያዩ ባክቴሪያዎች ተገኙ። ሁሉም የአካባቢው ተወላጆች ናቸው፤ የኖድና የኒፍ ዘረመሎቻቸው ግን ቃል በቃል የመጤው ናቸው። 500,000 ያህል የዲኤንኤ ፊደላት የያዘ አንድ ሙሉ ክፍል ከአንዱ ባክቴሪያ ተነሥቶ በሌላው ክሮሞሶም ላይ ተተክሏል። በ1995 እና በ1998 የወጡት እነዚህ ሥራዎች የእባጭ ባክቴሪያ መሆን በዘር ብቻ የሚወረስ እንዳልሆነ አስረዱ፤ በጉርብትናም ይገኛል። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ቢሴሩላ በሚባል የግጦሽ ጥራጥሬ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ፤ እዚያ ግን ዘረመሉን የተቀበሉት ብዙዎቹ ተወላጆች እባጭ ይሠራሉ እንጂ ናይትሮጅን በአግባቡ አይሰጡም ነበር። የተሰጠው መልካም ባክቴሪያ በስድስት ዓመት ውስጥ ሰነፍ ተወዳዳሪዎችን ፈጠረ።

ሽምብራችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከተለያዩ አገሮች ከሽምብራ እባጮች የተወሰዱ 1,027 ባክቴሪያዎችን ጂኖም አነበበ። ባክቴሪያዎቹ ሜዞራይዞቢየም በሚባለው ወገን ውስጥ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ እባጭ የሚሠራው የዘረመል ክፍል ግን የጋራቸው ነው። በየአካባቢው ማን እንደሚበዛ የሚወስነው በዋናነት የአፈሩ ዓይነትና ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ሆኖ ተገኘ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ የሽምብራ አምራች ናት። ገበሬው ሽምብራውን የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመረሬ መሬት ላይ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። በአድዓ መረሬ የበረታ ባክቴሪያ በደጋው አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ይበረታል ብሎ መገመት ከዚህ ጥናት ጋር አይሄድም። አሲዳማ አፈር ራሱ ለባክቴሪያው ጠላት ነው፤ ቁጥሩን ያመናምናል፣ ከሥሩ ጋር የሚለዋወጠውንም ምልክት ያደክማል። ኖራ ሳይጨመርበት ባክቴሪያ ብቻ መስጠት ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው።

በአገራችን የባክቴሪያ ማዳበሪያ አዲስ ነገር አይደለም። መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ ያመርታል፤ ኤንቱአፍሪካ የተባለው ፕሮጀክትም ከ2014 ጀምሮ ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቶበታል። ዘሩ በጥላ ሥር በስኳር ውኃ ይረጥባል፣ ዱቄቱ ይለወስበታል፣ ፀሐይ ሳያገኘው ወዲያው ይዘራል። እያንዳንዱ ሰብል የየራሱ አለው፤ የአኩሪ አተሩ ባክቴሪያ ለሽምብራ አይሠራም፣ የሽምብራውም ለባቄላ። ለአኩሪ አተር ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሰብሉ መጤ ስለሆነና የሚስማማው ባክቴሪያ በአፈሩ ውስጥ ስለማይበዛ ነው። ባቄላ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ባቄላ በደጋችን ለዘመናት ኖሯል፤ አፈሩም በሚያውቁት ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው። ከረጢት ውስጥ ያለው ምርጥ ባክቴሪያ ከእነሱ ጋር ተወዳድሮ ሥሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። «ባክቴሪያው አልሠራም» የሚል ቅሬታ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው እባጩ ውስጥ የገባው ማን እንደነበር ነው።

መልካም ሁኔታ ላይ ያለ ባቄላ በሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ይህ ከሁለት ኩንታል ዩሪያ በላይ ነው። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ከፍሬው ጋር ከማሳው ይወጣል፤ ገለባውም ለከብት ከሄደ ለተከታዩ ስንዴ የሚቀረው ያንሳል። ቢሆንም የሚቀረው ቀላል አይደለም፤ የወጣውም ቢሆን በገበታችን ላይ ሽሮ ሆኖ ይመጣል።

ስለዚህ ተመራማሪዎቻችንን የምጠይቃቸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዲስ የጥራጥሬ ዝርያ ከመለቀቁ በፊት ናይትሮጅን በጭራሽ ያልተጨመረበት መደብ ላይ፣ ጥሩና ሰነፍ ባክቴሪያ ተቀላቅሎ ቀርቦለት ይፈተን። ውጤቱም ከምርቱ ቁጥር ጎን በመዝገብ ይግባ። ሁለተኛ፣ አዝርዕታችንን በቅዝቃዜ ክፍል እንደምናስቀምጥ ሁሉ የእባጮቻቸውም ባክቴሪያ ከየወረዳው፣ ከነአፈሩ ዓይነትና ከነአሲድነቱ መረጃ ጋር ይሰብሰብ፣ ጂኖሙም ይነበብ፤ ዛሬ ለአንድ ባክቴሪያ ይህን የማድረግ ዋጋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው በብዙ ቀንሷል። ሦስተኛ፣ ከረጢቱ ከተከፋፈለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደዚያው ማሳ ተመልሰን ዘረመሉ ወደ ማን እንደተሻገረ እንይ፤ የአውስትራሊያው ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያውቀው ገበሬው እንዳይሆን።

በዚህ አዳራሽ የግብርና ተማሪዎች ብዙ እንዳላችሁ አያለሁ። ባቄላው መስከረም ላይ አብቦ ታገኙታላችሁ። አካፋ ይዛችሁ ወደ ቤተሰቦቻችሁ ማሳ ሂዱ፤ ከአምስት ቦታ አምስት ተክል አንሡ፣ እባጩን ቁጠሩ፣ ሰንጥቃችሁ ቀለሙን መዝግቡ፣ የማሳው ባለቤትም አብሮ እንዲያይ አድርጉ። ጥያቄ ካላችሁ አሁን ልቀበል እችላለሁ።